ለእመቤታችን የተዋስነው ሻሽ

አውሎ ነፋሱ የቤተ ክርስቲያናችንን ጣሪያ ወሰደ፤ የታናሽ እህቴን የቪሲታን ባልም ከነጀልባው ወሰደ። ጣሪያው ተሠራ። ቪሲታ ግን ጥቁር ሻሿን እንዳሰረች ቤቷን ዘግታ ቀረች። "ኤርሚኒዮ ካልመጣ አላወልቅም" ትላለች። ግትር ናት። እኔም ግትር ነኝ፤ የአንድ እናት ልጆች ነን።

የፋሲካ ዋዜማ ሄድኩባት።

"ሻሽሽን ስጪኝ።"

"አበድሽ እንዴ፣ እትዬ?"

"ለእኔ መሰለሽ? የእመቤታችንን ጥቁር መሸፈኛ የአውሎ ነፋሱ ጎርፍ በልቶታል። ነገ ምን ለብሳ ትውጣ?"

እኛ ደሴት ላይ ፋሲካ ሲነጋ ወንዶቹ የተነሣውን ጌታ ምስል፣ እኛ ሴቶቹ ደግሞ የእናቱን ምስል በጥቁር ሸፍነን በየመንገዳችን እንወጣለን። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ልጅና እናት ሲገናኙ እንደ መልአክ የለበሰች ልጅ ጥቁሩን ትገፍፋለች።

"የሷ ልጅ ተነሣ" አለችኝ ቪሲታ። "የኔ ባል የታለ?"

"አርብ ማታ እሷም እንዳንቺ ነበር ያለቀሰችው። አንቺ ገና ቅዳሜ ላይ ነሽ።"

"ረጅም ቅዳሜ ነው፣ እትዬ!"

"እሱንማ አየሁት።"

ብዙ አጉረምርማ ሻሹን ፈታችው። "አንቺን ግን አላምንሽም፤ ነገ ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ።"

እኔስ ምን ፈልጌ ነበር?

ሲነጋ አባ በሻሹ ጫፎች ላይ ያሰርኩትን አይተው ደነገጡ። "ናርሲሳ፣ ይሄ ሁሉ ፊኛ ምንድነው?"

"መልአክ ነው፣ አባ። መልአክ የምትሆነውን ልጅ ሆዷን አሟታል።"

ልጅና እናት ተገናኙ፤ መዘምራኑ ሃሌ ሉያ አሉ፤ እኔ ሻሹን ከምስሉ ጋር ያሰረውን ክር በጠስኩት። ሻሹ ከእመቤታችን ራስ ላይ ተነሣና ከኮኮናቱ ዛፎች በላይ ወጣ።

"ሻሼ! አንቺ ሌባ!" ቪሲታ ራሷን ሳትሸፍን እስከ ባሕሩ ዳር ሮጠች። እኔም እያለከለክሁ ተከተልኳት። ነፋሱ ሻሹን ኤርሚኒዮ በሄደበት በኩል ይዞት ሄደ። ጠጉሯ ሸብቷል፤ አላወቅሁም ነበር።

ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን እያለቀሰች መሳቅ ጀመረች።

"ኤርሚኒዮ ቢያየው፣ ይቺ ሴትዮ ዛሬም ጨርቋን መያዝ አቃታት ይለኛል።" አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "በሙታን ትንሣኤ ቀን ሲነሣ ታዲያ ምን አስሬ ልቀበለው?"

"ነጭ እገዛልሻለሁ።"

"ቀይ ነው የሚወደው" አለችኝ። "ደግሞ ከርካሹ እንዳታመጪ።"