ባለ ሁለት ክፍሉ የበረዶ ሳጥን

ሳጥኑ የአሳማ ሥጋ ሲመላለስበት የኖረ ነበር። ዘሙሩድ ይህን የሰማችው አርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲሆን፣ የላንጋኖው ጉዞ ነገ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው። እሷም ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ወዳለው የሳጥኑ ሻጭ የዲንቄ ግቢ የሄደችው ለሌላ ጉዳይ ነበር። ከሳጥኑ ሥር ያለው የውሃ መውጫ ውታፍ ስለሌለው፣ የቀለጠው በረዶ እየተንጠባጠበ የእነ ዘሙሩድን ሳሎን ወለል ስላራሰው፣ ውታፉን ልትጠይቅ ነው።

"ውታፉን ማዳም ናት ያወጣችው" አለች ዲንቄ፣ የታጠበ አንሶላ ገመድ ላይ እያሰጣች። "ቀዳዳውን ስብ ሲደፍንባት በሽቦ ትጎረጉረው ነበር። ከዚያ የት እንዳደረገችው እንጃላት።"

"የምን ስብ?"

"የሥጋቸው ነዋ። ላንጋኖ ሲሄዱ በአንዱ ክፍል ቢራቸውን፣ በሌላው ያንን ሮዝ ሥጋቸውን ጭነው። አታውቂውም? የአሳማውን።"

ዘሙሩድ አንሶላው ላይ አፈጠጠች። "እትዬ ዲንቄ፣ ሳጥኑን ስገዛ ይሄን ነገር ለምን አልነገሩኝም?"

"መች ጠየቅሽኝ? በረዶ ስንት ሰዓት ይይዛል አልሽኝ፤ ውሎ ያድራል አልኩሽ። ዋሸሁ?"

አልዋሸችም።

"እኔ እንኳ ሳጥበው እጄ እንዳይነካው በእንጨት ላይ ጨርቅ ጠቅልዬ ነበር" አለች ዲንቄ፣ እንደ ማጽናኛ። "ብሩን ግን እንዳትጠይቂኝ። ያውልሽ።" በአገጯ የቤቷን ጣራ አሳየቻት። ሁለት አዲስ ቆርቆሮዎች ከዛጉት መካከል ያብረቀርቃሉ። ሳጥኑ፣ በቤታቸው የሠራችላቸው የውጭ አገር ሰዎች አገር ለቀው ሲሄዱ ለዘጠኝ ዓመት አገልግሎቷ የተዉላት ዕቃ ነው፤ ብታተርፍበት የሚወቅሳት የለም።

ዘሙሩድ ዳገቱን ስትወርድ የተናደደችው በዲንቄ አልነበረም። በራሷ ነው።

ዘሙሩድ የምትሠራበት የሳሙና ፋብሪካ የላቦራቶሪና የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኞች፣ አሥራ ሁለት ሰዎች፣ ሐይቅ ዳር ድንኳን ጥለው ሁለት ሌሊት ለማደር ሦስት ወር ለፍተዋል። ማመልከቻ ጽፈዋል፣ የሠራተኛ ማኅበሩን ማኅተም አስመትተዋል፣ የፋብሪካውን ፒክአፕ ከነቤንዚኑ አስፈቅደዋል። ፈቃዱ ለዚህ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። ዘሙሩድ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ በኬሚስትሪ ተመርቃለች፤ ሐይቅ ግን በፎቶግራፍ እንጂ በዓይኗ አይታ አታውቅም።

የበረዶ ሳጥን መግዛት ሲነሣ የጉዞው ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ አቶ ወልደ ሐዋርያት፣ ፒያሳ መስኮት ላይ ያዩትን ቀይ ፕላስቲክ ይገዛ አሉ። መቶ አርባ ብር። እሷ ተቃወመች። ያንኑ ዓይነት ፕላስቲክ ከአንዲት ጓደኛዋ ተዋሰች፤ መርካቶ ተሠርቶ በሰጋቱራ የተጠቀጠቀ የእንጨት ሳጥን ከአንድ ልኳንዳ ቤት ለመነች፤ ሦስተኛውን፣ አረንጓዴውን የብረት ሳጥን፣ ከዲንቄ አመጣች። በእያንዳንዳቸው አምስት አምስት ኪሎ በረዶ ጨምራ በማግሥቱ በላቦራቶሪው ሚዛን መዘነችው። ፕላስቲኩ ውስጥ አንድ ኪሎ ከሩብ ቀርቷል። እንጨቱ ውስጥ ሁለት፤ እሱም ባዶውን ለመሸከም ሁለት ሰው ይፈልጋል። አረንጓዴው ውስጥ ሦስት ኪሎ ተኩል! ዋጋው ስልሳ ብር።

ከሁሉም በላይ መሐሉን የሚከፍለው ቆርቆሮ ነበር የማረካት። ከተጓዦቹ አራቱ እስላም፣ ስምንቱ ክርስቲያን ናቸው። አምና፣ እሷ ገና ሳትቀጠር፣ ሶደሬ ደርሰው ሲመለሱ አራቱ ዳቦና ቅቅል እንቁላል ይዘው ከዛፍ ሥር ለብቻቸው እንደተቀመጡ ሰምታለች። ዘንድሮ በአንድ ሳጥን፣ በሁለት ክፍል፣ የሁለቱም ሥጋ ሳይነካካ ይሄዳል። ይህን በስብሰባው ላይ ስትናገር ተጨብጭቦላታል። አቶ ወልደ ሐዋርያት ብቻ መነጽራቸውን እየወለወሉ፣ "እንግዲህ የተማረ ይግደለኝ ነው" ብለው ቃለ ጉባኤው ላይ ፈርመዋል።

የበረዶውን ክብደት፣ የክዳኑን ጎማ፣ የመያዣውን ጥንካሬ መርምራለች። ምን ሲቀመጥበት እንደነበረ መጠየቅ ግን በሐሳቧም አልመጣላትም። ማንኛዋም የሰፈር አሮጊት መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነበር።

ቤት ስትደርስ አባቷ አብደላ የአራቱን ሥጋ ከልኳንዳ ገዝተው፣ ዘንቢላቸውን ይዘው ከሳጥኑ አጠገብ ቆመዋል። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው፤ ዕቃ ሲያዩ መጀመሪያ ማሰሪያውን ይነካሉ።

"ጥሩ ዕቃ ነው፣ ወላሂ" አሉ። "በየትኛው በኩል ልክተተው?"

"አይክተቱት አባባ።"

ነገረቻቸው። አብደላ ዘንቢሉን ከመሬት አነሡና ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቀሉት። ከዚያ ሳጥኑን በእግራቸው ጫፍ ገፋ አደረጉት።

"ሰባት ጊዜ ይታጠባል። አንዱ በአፈር። ከዚያ ንጹሕ ነው፤ አለቀ።"

"አባባ፣ እኔ ሥራዬ ሳሙና ነው። በፈላ ውሃና በሳሙና አንዴ ከታጠበ አፈር ምን ይጨምርለታል?"

"እሱን ፋብሪካሽን ጠይቂ። እኔ የምነግርሽ ሰው እንዲበላበት ምን እንደሚያስፈልግ ነው።"

"ክርስቲያኖቹስ?"

አብደላ ባልዲ አነሡ። "እነሱን አላውቅም። ሰባት የሚባል ነገር አላቸው እንዴ?"

ሳጥኑን ወደ ጓሮ አወጡት። አባቷ ውሃ እያፈሰሱ ይቆጥራሉ፤ እሷ ተንበርክካ ትፈትጋለች። በአራተኛው ላይ ከጎመኑ መደብ ጭብጥ አፈር አምጥተው በተኑበት። ጭቃው በከፋፋዩ ቆርቆሮ ሥር ገብቶ አልወጣ አላት። ጥፍሯ ተሰበረ። ይህን ሁሉ የምታደርገው ያላመነችበትን ነገር ለማስወገድ መሆኑ ይበልጥ አበሸቃት። እሷን ቢጠይቋት ያለ አንዳች ሐሳብ ትበላበታለች።

አምስተኛው ላይ አቶ ወልደ ሐዋርያት የስምንቱን ሥጋ በትልቅ ፌስታል አንጠልጥለው በጓሮ በኩል ገቡ።

"ምነው? ነገ ለሚጨቀይ ዕቃ ዛሬ ጭቃ ትቀቢዋለሽ?" አሉ እየሳቁ። "አቶ አብደላ፣ ልጅዎ እኮ አሸነፈችኝ። ሦስት ኪሎ ተኩል በረዶ! ለሰው ሁሉ እያወራሁላት ነው።"

ባያመሰግኗት ይሻላት ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሣች። "ጋሼ፣ ሳጥኑ የአሳማ ሥጋ ይያዝበት ነበር። አሁን ነው የሰማሁት።"

ሳቃቸው ቆመ። ፌስታሉን ከሳጥኑ አራቁትና ወደ ሳሎን ገቡ። አባትና ልጅ ተከተሏቸው። አቶ ወልደ ሐዋርያት አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን አገላበጡ።

"ከኛ ሌላ ማን ያውቃል?"

"ሻጯ።"

"እሷ ላንጋኖ አትሄድም። ጥሩ።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስሚኝ ልጄ። የፒያሳው ሱቅ ሊዘጋ ነው። ብሩም አልቋል። ይሄን ወሬ ብታወሪ፣ ያቺ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ የሺመቤት አትሄድም፤ እግሯን ከየካ ሚካኤል አታነሣም። እሷ ከቀረች ሴቶቹ ይቀራሉ። ሴቶቹ ከቀሩ መኪናው ለስድስት ሰው አይሰጥም። ታጥቧል፤ የታጠበ የታጠበ ነው።"

"በፊት ቀዩ ይገዛ ብለው ነበር። አሁን ደስ ሊልዎት አይገባም?"

"ቃለ ጉባኤው ላይ የማን ፊርማ ነው ያለው? የኔ። አሳማ ያበላን ወልደ ሐዋርያት ነው ይላሉ እንጂ አንቺን ማን ይጠራሻል። ቢጠሩሽም የተማረችዋ ይሉሻል፤ እሱ ደግሞ ከስምሽ ይብስብሻል።"

ዘሙሩድ አባቷን ተመለከተች።

"እኔ ለኛዎቹ መታጠቡን እመሰክራለሁ" አሉ አብደላ። "ግን ሁለት ይቀረዋል።"

"መታጠቡን ይነግሯቸዋል ወይስ ከምን እንደታጠበ?"

አብደላ ወደ በሩ ጀርባ ሄዱ። ዘንቢሉን ከሚስማሩ አውርደው ሥጋው ደህና መሆኑን ተመለከቱ።

ለጥቂት ጊዜ ነገሩ ቀላል መሰላት። ሁለት ጊዜ አጥቦ፣ ሥጋውን በሁለት በኩል አድርጎ፣ በረዶ ጨምሮ ክዳኑን መክደን። ነገ ማታ ሐይቁ ዳር ትሆናለች። ኬሚስትሪውም ቢሆን ከሽማግሌው ጋር ነው፤ የታጠበ ብረት ምንም አያስታውስም።

"ጋሼ፣ እርስዎስ ይበሉበታል?"

"እኔ?" አቶ ወልደ ሐዋርያት ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። "እኔ እንኳ ሰሞኑን ሆዴን ያመኛል። ሥጋ አይስማማኝም። በሶ በጥብጬ እጠጣለሁ።"

"በበዓለ ሃምሳ በሶ?"

"ሐኪም ነው ያዘዘኝ።"

"መቼ?"

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን መልሰው አነሡ። አብደላ ሳል ያዛቸው።

"የስም ዝርዝሩን ይስጡኝ" አለች ዘሙሩድ።

"የምን ዝርዝር?"

"የተጓዦቹን። አድራሻ ያለበትን።"

"ዘሙሩድ፣ አንቺ ራስሽ ትበይበት የለ? ልብሽ ካልተጸየፈ ለምን የሰው ሆድ ታውኪያለሽ?"

"እኔ አውቄ ነው የምበላበት።"

ሽማግሌው ከኮታቸው ኪስ አራት ቦታ የታጠፈውን ወረቀት አወጡ፤ ሊሰጧት እንደማይፈልጉ ሁሉ ጫፉን ይዘው ቆዩ። መንጭቃ ወሰደችው። የሺመቤት የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ቤቷ ከየካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ። በእግር ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ዘሙሩድ ጭቃ የነካውን ቀሚሷን ሳትለውጥ ነጠላ ጫማዋን አደረገች።

"ሰኞ እዚያ ላቦራቶሪ ገብተሽ እንዴት ሚዛን ፊት ትቆሚያለሽ?" አሉ አቶ ወልደ ሐዋርያት ከተቀመጡበት እየተነሡ። "መኪናው እኮ ሁለተኛ አይፈቀድም። ስሚኝ እንጂ፣ እስከ ጠዋት ብንታገሥ..."

ወጥታ በሩን ዘጋችው።