ከበር ውጭ ያደረው ሻንጣ

ኖርሊን የእጅ ቦርሳዋን አልጋው ላይ ገልብጣ አራገፈችው። ፓስፖርቶች፣ የደም ግፊት ኪኒን፣ መነጽር፣ የፀሐይ ቅባት፣ ሁለት ብስኩት። የኮሮና መመርመሪያዎቹ የሉም።

ክው አለች።

«ዌንደል! መመርመሪያዎቹን የት አደረግሃቸው?»

ባሏ መታጠቢያ ቤት ሆኖ ጥርሱን ይቦርሽ ነበር። «ሰማያዊው ሻንጣ ውስጥ። እንዳይሰበሩ በሹራብ ጠቅልዬ።»

«የትኛው ሰማያዊ ሻንጣ?»

የውሃው ድምፅ ቆመ። ዌንደል ብሩሹን እንደጎረሰ ብቅ ብሎ በር በሩን አየ። የመዝናኛ መርከብ የመጨረሻ ምሽት ወጉ አንድ ነው። ሻንጣህን ትዘጋለህ፣ ባለቀለም መለያውን ታስርበታለህ፣ ከራት በኋላ ከበር ውጭ ትተወዋለህ። ሠራተኞቹ ሰብስበው ያወርዱታል፤ በማግስቱ ወደቡ ላይ ታገኘዋለህ። ትናንት ማታ «ቶሎ በል፣ ትተውብን እንዳይሄዱ» እያለች ያጣደፈችው ራሷ ኖርሊን ነበረች።

«ገደልከኝ» አለችው።

«እኔ ምን ላድርግ? ጠቅልል ስትዪኝ ጠቀለልኩ። ትንሽ ብዘገይ እኔንም መለያ አስረሽ ደጅ ታወጪኝ ነበር።»

አልሳቀችም። ዛሬ እሑድ ነው። መርከቡ ፒሬዎስ ወደብ ቆሟል፤ አውሮፕላናቸው ከአቴንስ የሚነሳው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ከትናንት ወዲህ የተሰጠ የምርመራ ውጤት የሌለውን ሰው ደግሞ ወደ አሜሪካ የሚያሳፍረው የለም። ማክሰኞ ጠዋት፣ እዚያ ዱሉት ከተማ ውስጥ፣ ልጃቸው ብሪን በቀዶ ሕክምና ትወልዳለች። መጀመሪያ አንድ ወር ይቀራታል ተብሎ ነበር። እነሱ ከተሳፈሩ በኋላ ግን ብሪን ደም ፈሰሳት፤ የእንግዴ ልጁ የማሕፀኑን አፍ ዘግቶታል አሏት፤ ሐኪሟ ቀኑን አሳጠረው፤ የሚሰጣትን ደም ከወዲሁ አዘጋጀ። ባሏ ጥሏት ከሄደ መንፈቅ ሆኖታል። ከእናትና ከአባቷ በቀር አጠገቧ የሚቆም ሰው የላትም።

«ታች መርከቡ ሐኪም ጋ እንመርመራ» አለ ዌንደል።

«አይሆንም! ጎረቤቶቻችንን ረሳሃቸው?»

ከጎናቸው ያለው ክፍል ባልና ሚስት ሐሙስ ዕለት ለጉሮሮ መድኃኒት ብለው ሐኪሙ ጋ እንደወረዱ አልተመለሱም። ኮሮና ተገኝቶባቸው፣ አራተኛው ፎቅ ላይ ተዘግቶባቸው ምግባቸው በራፍ ላይ ይቀመጥላቸዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኖርሊን ጆሮዋን ባሏ ደረት ላይ ተክላ ነው የከረመችው። ዌንደል ይስላል። አየር ማቀዝቀዣው ነው ይላል። እሷ ሌሊት ሌሊት ግንባሩን በእጇ ጀርባ እየዳሰሰች፣ እሱ ግሪክ አገር ሆቴል ውስጥ ሲያቃስት፣ ብሪን ደግሞ ብቻዋን በተሽከርካሪ አልጋ ስትገፋ ይታያት ነበር።

እንደነሱ አረንጓዴ መለያ ያላቸው ሰዎች እንዲወርዱ የተጠሩት ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ኖርሊን ደረጃውን በሰው ትከሻ መሐል እየተሽሎከለከች ወረደች። የወደቡ ሻንጣ አዳራሽ ስትደርስ በሩ ላይ ቆመች። አንድ ሺህ ሻንጣ። ግማሹ ሰማያዊ።

«ያኛው ነው!»

«የእኛ አንድ ጎማ ይጎድለው ነበር?» አለ ዌንደል።

«ምኑም አልጎደለም። አይ፣ ይሄ አይደለም። ጌታዬ ሆይ!»

አንድ ጎልማሳ ተሸካሚ ጋሪውን ገፋ እያደረገ «ቀስ በይ እናቴ፣ ሻንጣ እግር የለውም፣ አይሄድም» አላት።

«ይሄድለታል እንጂ! ሌላ ሰው ይዞት ይሄዳል!»

ሻንጣውን ዌንደል አገኘው። ከአንዲት ወፍራም ሴትዮ ሻንጣ ሥር ነበር። ኖርሊን እዚያው ወለሉ ላይ ተንበርክካ ዚፑን ከፈተች፤ የውስጥ ልብሳቸው በሰው ፊት ተዘረገፈ፤ ግድ አልሰጣትም። ሹራቡን ፈታች። ሁለቱም ካርቶኖች ደህና ናቸው።

ምርመራው የሚያገለግለው መርማሪ በስልክ እያየ ከተሠራ ብቻ ነው። ስለዚህ ሻንጣውን እንደ ጠረጴዛ አድርገው ሁለቱን ስልኮች ጫማ ላይ አስደገፉ። የሷ መርማሪ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ያደረገ፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ወጣት ነበር።

«የመመርመሪያው ካርድ ከካሜራው እንዳይወጣ፣ ወይዘሮ ኖርሊን። ከወጣ እንደገና እንጀምራለን።»

ጥጡን አፍንጫዋ ውስጥ አዞረች። ጠብታውን አንጠበጠበች። ከዚያ አሥራ አምስት ደቂቃ መጠበቅ። ዓይኗን ከዌንደል ካርድ ላይ አልነቀለችም። መጀመሪያ ሐምራዊ እርጥበት ወጣ፣ ከዚያ አንድ መስመር። ሁለተኛው የሚመጣበትን ቦታ ትንፋሿን ይዛ አፈጠጠችበት። አልመጣም። ሰዓቱ አለቀ፤ አሁንም አልመጣም። የዌንደል መርማሪ «ኔጌቲቭ፤ መልካም ጉዞ» አለችው።

ኖርሊን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና «ተመስገን፣ ተመስገን» አለች።

«ኖሪ» አለ ዌንደል ቀስ ብሎ። «ያንቺን እይው።»

ሁለት መስመር ነበር። ሁለተኛው ደብዘዝ ያለ አልነበረም፤ በብዕር የተሰመረ ይመስላል።

«የእኔ አይደለም» አለች። «የኔ ልጅ፣ ተሳስቷል። እኔ አንዴም አልሳልኩም። የሚስለው እሱ ነው!»

«አዝናለሁ። ፖዘቲቭ ነው። መብረር አይችሉም። ለአሥር ቀን ያህል…»

«ልጄ ማክሰኞ ትወልዳለች።»

ወጣቱ «በጣም አዝናለሁ» አለና የሚደወልበትን የጤና ቢሮ ቁጥር ነገራት።

ኖርሊን ጭምብሏን እስከ ዓይኗ ሥር ስባ ግድግዳው እስኪነካት ድረስ ወደ ኋላ ሄደች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እሷ ግን የፈራችው በዚያ በር ይመጣል ብላ ስትጠብቅ በዚህ ገባባት።

«እኔም እቀራለሁ» አለ ዌንደል።

«ምን ሊጠቅማት? አንተ ሂድ።»

ቃሉ ካፏ ወጥቶ ሳያልቅ ሌላው ፍርሃት ያዛት። አሥር ሌሊት ባንድ ትራስ ነው ያደሩት። ዛሬ ነጻ ነው ያለው ካርድ ለማክሰኞ ምን ያውቃል? ሆዷ በተቀደደ ልጅ ላይ፣ ገና አየር ባልለመደ ሕፃን ላይ ይዞባቸው ቢሄድስ? ቢቀርስ? ብሪን ብቻዋን።

ዌንደልም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍታ ደወለች። ዱሉት ገና አልነጋም፤ ብሪን ግን በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች።

«እማዬ? ምን ሆናችሁ?»

ኖርሊን መዋሸት አምሯት ነበር። አባትሽ ነጻ ነው ብላ የራሷን መዋጥ። አንደበቷ እምቢ አላት፤ ሁሉንም ነገረቻት።

«አብራችሁ ነው የተኛችሁት?» አለች ብሪን።

«አዎ።»

«አባዬ ደግሞ ደም ካየ ይወድቃል።»

«ይሰማኛል እኮ!» አለ ዌንደል ከሻንጣው ማዶ።

«ይምጣ» አለች ብሪን። «ማክሰኞ ጠዋት እንደገና ይመርመር። ለሐኪሞቹ አንቺ እንደያዘሽ እነግራቸዋለሁ። ካስገቡት ጭምብሉን አጥብቆ በሩ ጋ ይቁም፤ ልጁን አይነካም። ካላስገቡት መኪና ማቆሚያው ላይ ሆኖ ያውራኝ። ብቻ እዚያው ከተማ ውስጥ ይሁን፣ እማዬ።»

ዌንደል ልብሱን መልሶ አጨቀው። ሊያቅፋት አንድ እርምጃ ሲራመድ እጇን ዘርግታ አቆመችው። «እዚያው ሁን! አውሮፕላኑ ላይ ጭምብሉን እንዳታወልቅ። ምግብም አትብላ።»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ?»

«አትብላ አልኩህ!»

አየት አድርጓት ሻንጣውን እየጎተተ ወጣ። በመስታወቱ በኩል አውቶቡሱ ላይ ሲሳፈር አየችው፤ ከኋላው ያለችው ሴት ስታስነጥስም አየች።

ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ ጓንት ያደረጉ ሁለት የወደቡ ጤና ሠራተኞች ወደ እሷ መምጣት ጀመሩ።

«እማዬ፣ አንቺንስ የት ነው የሚወስዱሽ?»

«አላውቅም» አለች ኖርሊን ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ። «እስካውቅ ድረስ አትዝጊብኝ።»