ያላበራው ውሃ

አያ አንሙት ከደብረ ኤልያስ ገጠር ተነስተው ደብረ ማርቆስ ሲደርሱ፣ ሚስታቸው የብርጓል ሞልታ የሰጠቻቸውን የኩሬ ውሃ ጠርሙስ በጥቁር ፌስታል ጠቅልለው ጋቢያቸው ስር ይዘውታል። ፀሐይ እንዳይነካው ብላ ያዘዘቻቸው አገሬ ናት፤ የእህታቸው ልጅ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ውሃ የምትመረምረው። ከኩሬው የጠጡ ሁለት ላሞች በአንድ ሳምንት ሞተውባቸዋል። አሁን የቀሯቸው ሁለቱ በሬዎች ብቻ ናቸው፣ እርሻው ደግሞ ደርሷል።

«እንግዲህ እዪልኝ» አሏት። «ወንዙ እንደሆነ ግማሽ ቀን ያስኬዳል።»

አገሬ ከውሃው ትንሽ ቀድታ ማሽኑ ውስጥ ከተተችው። ማሽኑ መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ብርቱካናማ ብርሃን ያበራበታል። ውሃው ውስጥ አልጌ፣ ያ ኩሬ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ዝልግልግ፣ ካለ መልሶ ቀይ ያበራል። በሰማያዊው ከደመቀ የማይጎዳው ተራ አልጌ ነው፤ በብርቱካናማው ከደመቀ ግን ከብት የሚገድለው ዓይነት ሊሆን ይችላል።

«ይሄማ ባትሪ ነው! ባትሪ እኛም ቤት አለ እኮ» አሉ አያ አንሙት።

አገሬ እየሳቀች ቁጥሩን አየችው። በሁለቱም ብርሃን ምንም የለም ማለት ይቻላል። ደስ አላት።

«አያ፣ ደህና ነው። ያጠጧቸው።»

በአምስተኛው ቀን ደወሉላት። «አገሬ፣ ዳልቻው በሬ ወደቀ።»

በማግስቱ ሄደች። ኩሬው አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት ይመስላል፣ ይሸታል።

«ከዚሁ ነው የቀዱልኝ?»

«ከዚሁ ነዋ! ግን እንዲህ ዝልግልግ ያለ ውሃ ይዤ ቢሮሽ ልግባ? አጎቷ ይሄን ነው የሚጠጣው ቢሉሽስ? የብርጓል በአዲስ ነጠላ ሁለቴ አጥልላ ነው የሰጠችኝ።»

አገሬ ወደ አረንጓዴው ውሃ ዞር ብላ አየች። አልጌው ነጠላው ላይ ቀርቷል። ማሽኑ ያየው ባዶውን ነው። እሷስ? የግንቦት ኩሬ እንዲያ ጠርቶ ሲመጣላት እንዴት አንዲት ጥያቄ አልጠየቀችም?

«አያ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እንዳያጠልሉት መንገር ነበረብኝ። ሲጠለል እኮ... መርዙን የሚያሳየው ነገር ነጠላው ላይ ቀረ።»

አያ አንሙት ወደ ቤቱ ዞር ብለው አዩ። የቀረው በሬ ብቻውን ቆሞ ያመነዥካል። ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የብርጓል እንዳትሰማ» አሉ። «እሷ እንደሆነች አትችለውም።»

ሚስታቸው የብርጓል ከቤት ወጥታ፣ አይኗ በለቅሶ አብጦ፣ አገሬን አቅፋ ሳመቻት።

«ልጄ፣ መቼም መከራ ነው የወረደብን» አለቻት። «ውሃውስ? አሳፈረሽ እንዴ?»

«ኧረ አላሳፈረኝም፣ እትዬ» አለች አገሬ። «ጥርት ያለ ነበር።»