የግራው መቆለፊያ

ጂም ውስጥ ያወጡልኝ ስም «ማሟሟቂያ» ነው። ሰውነቱን ሳያፍታታ ወደ ብረት የሚሮጥ ሰው ካየሁ ደሜ ይፈላል። አሥራ ስድስት ዓመት ሳሠለጥን ስንቱ ወገቡን ተቀጭቶ፣ ስንቱ ጉልበቱን ይዞ እያነከሰ ሲወጣ አይቻለሁ፤ አብዛኛው የጥድፊያ ጉዳት ነው። ስለዚህ እጮኻለሁ። ሠልጣኞቹ ከኋላዬ ያሾፉብኛል፤ ያሹፉ።

ከታናሽ ወንድሜ ጋር የተኳረፍነውም በዚሁ ነው። እሱ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ሥራ ከመግባቱ በፊት በየማለዳው እየመጣ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ብረት ገፍተናል። አንድ ቀን ገና ከመግባቱ ጃኬቱን ወርውሮ ቀጥታ ብረት የምንገፋበት ቤንች ላይ ተጋደመ።

«ተነሥ፣ መጀመሪያ ሰውነትህን አሙቅ» አልኩት።

«ዛሬ ቸኩያለሁ፣ ወንድምጋሼ።»

«ለመሰበር ከሆነ የቸኮልከው ሌላ ቦታ ሂድ።»

ይህን ያልኩት ያ ሁሉ ሠልጣኝ እየሰማ ነው። ተነሣ፤ ጃኬቱን ለበሰ፤ እውነትም ሌላ ቦታ ሄደ።

ስምንት ወር አለፈ። ጥፋቱ የእሱ ስለሆነ መደወል ያለበት እሱ ነው ብዬ ሽንጤን ገተርኩ። ማለዳ ማለዳ በሩ በተከፈተ ቁጥር ግን ዐይኔ እሱን ይፈልግ ነበር። ናፈቀኝ፣ ምን ይደረግ። የመጨረሻዋን ግፊት ሲገፋ እንደ በሬ የሚያጓራው እንኳ ናፈቀኝ። እናታችን ጋ ስደውል ስሙን አላነሳም፤ እሷ ካነሣችልኝ ግን ስልኩን ለመዝጋት አልቸኩልም። በቅርቡ «እሱም ብረት መግፋቱን እርም ብሎ ትቶት ነበር፤ ሰሞኑን እሱ ሰፈር ያለ ጂም ጀመረ» አለችኝ። እኔም እሱ ከሄደ ወዲህ ያ ቤንች ላይ ተጋድሜ አላውቅም ነበር። እሱ ከጀመረ እኔ ምን አባቴ ቀረብኝ አልኩ።

በማግስቱ ብቻዬን ገባሁ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አሟሟቅሁ፤ ትከሻዬን አፍታታሁ፤ በትንሽ ክብደት ጀምሬ ጨመርኩ። ሦስተኛው ግፊት ላይ ብረቱ ወደ ቀኝ ዘመም አለና በዚያ በኩል ያሉት ክብደቶች እየተንሸራተቱ ወለሉ ላይ ተዘረገፉ። ወዲያው የግራው ክብደት ብረቱን ከነክንዴ ይዞት ወረደ። የትከሻዬ ጅማት ሲበጠስ በጆሮዬ ሰማሁት።

ነገሩ የገባኝ ሐኪም ቤት ተኝቼ ነው። የብረቱ ጫፍና ጫፍ ላይ ክብደቶቹ እንዳይንሸራተቱ የሚይዝ መቆለፊያ አለ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የግራውን እኔ፣ የቀኙን እሱ ስንቆልፍ ኖረናል። ተማክረን አይደለም፤ እንዲያው እንደቆምንበት ነው። ያን ቀንም እጄ እንደለመደው ግራውን ቆለፈና አረፈ። ስለ ጥንቃቄ ሰው የማሰለቸው እኔ፣ ቀኙን ዞሬ አላየሁትም።

ከዚያ የመጣብኝ ሐሳብ ሕመሙን አስረሳኝ። እሱስ? እሱም ቀኙን ቆልፎ ይጋደማል፤ ግራውን የሚቆልፍለት የለም። ደወልኩ፤ አላነሳም። ደገምኩ፤ አላነሳም። መልእክት ጻፍኩለት፤ አላነበበውም። ሌሊቱን ሙሉ ብረቱ ደረቱ ላይ ሲወድቅ ይታየኝ ነበር። ጠዋት ሐኪሙ እንዳሰናበተኝ፣ ክንዴ በጨርቅ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ታክሲ ይዤ እሱ ጂም ሄድኩ።

ከበሩ ሆኜ አየሁት። ክብደቶቹን ጭኖ ቀኙን ቆለፈ። ልጮኽ አፌን ስከፍት አንድ ትከሻ ሰፊ ሰውዬ በግራ በኩል መጣና መቆለፊያውን ጠቅ አድርጎ ዘጋው፣ በእጁም ነቅነቅ አድርጎ ሞከረው። ጎበዝ ሰው ነው፤ እኔ እንኳ ነቅንቄ አላውቅም። እፎይ አልኩ። ወንድሜ ይተርፍልኝ ዘንድ ስጸልይ አድሬ፣ ተርፎ ሳየው ግን ቀናሁ። የመጣሁበት ጉዳይ አለቀ ብዬ ልመለስ ስዞር አየኝና እየሮጠ መጣ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ብረት ወድቆብኝ።»

«አንተ ላይ?» ክንዴን አየ፤ ፊቴን አየ። ብዙም አላሰበም። «ቀኙን ማን ቆለፈልህ?»

«ማንም።»

ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ስትደውል አይቻለሁ» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አላነሳህም?»

«ልትቆጣኝ መስሎኝ።»

ስምንት ወር ሙሉ ያኮረፈኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ፈርቶኝ ኖሯል። ሰውዬው ቤንቹ አጠገብ ቆሞ ይጠብቀዋል። «በል ሂድ፣ ሰው አታስጠብቅ» አልኩት። አልተነሣም። ናፍቀኸኛል ልለው ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን «ውሃ ጠጣ» ሆነ።

«እኔም ናፍቀኸኝ ነበር» አለኝ።