ምስማሩ ላይ የነበረው ቁልፍ

ድንቡሼ ዛሬ ቁመተ መለሎ ሰው ነው፤ ስሙ ግን ከሕፃንነቱ ተጣብቆበት ቀርቷል። እኔን «ሞረድ» ያለኝ እሱ ነው፣ በምላሴ የተነሳ። የቁልፍ ቀራጭ ልጅ ስለሆንኩ ሰፈሩም ወደደው።

ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ ነው። እናቱ አንድ ጊዜ ቁልፋቸውን ውስጥ ትተው በሩ ተዘግቶባቸው ውጭ ስለዋሉ፣ አንዱን ቁልፍ ለእኛ በአደራ ሰጡ። አባቴ ከበራችን ጀርባ ምስማር መትቶ ሰቀለው። ድንቡሼ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቁልፉን ሊወስድ ይገባል፤ ከገባ ደግሞ መውጣት የለም። ምሳዬን ይሻማኛል፣ የቤት ሥራዬን ይገለብጣል፣ አባቴን በጥያቄ ያደርቀዋል። አድጎ የራሱን ቁልፍ ከያዘ በኋላ እንኳ «ረሳሁ» እያለ ማንኳኳቱን አልተወም። «ጭንቅላትህንስ ይዘኸዋል?» ብዬ በበሩ ክፍተት አቀብለዋለሁ። ከዘጋሁ በኋላ ግን ልቤ እስኪረጋ እዚያው ቆሜ እቀራለሁ። እወደው ነበር። የሆዴን በሆዴ ይዤ ኖርኩ። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ እንደሱ ከሆነ የሰፈሩ ባለጸጋ እኔ ነኝ።

ማክሰኞ ዕለት ድንቡሼ አባቴ ቁልፍ የሚቀርጽበት ሱቅ መጣ። አባቴ በር የተዘጋበት ሰው ጠርቶት ወጥቷል፤ ብቻዬን ነበርኩ።

«ሞረዴ፣ ይቺን አንድ ቅረጪልኝ።»

«ጠፋብህ እንዴ?»

«አይ፣ ለእሷ ነው።» ጆሮውን አከከ። «ከሠርጉ በፊት ዕቃዋን ማስገባት ጀምራለች። እናቴን በየጊዜው ከምታስነሳት ብዬ።»

ስለ ሠርጉ አውቃለሁ፤ መጥሪያውም ደርሶናል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ግን የሌላ ሰው ወሬ ይመስለኝ ነበር። ማሽኑን አስነሳሁ። ማሽን ሲጮህ ሰው መናገር አይጠበቅበትም።

ይዞ ሄደ፤ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። «ይገባል፣ ግን አይዞርም።»

ምክንያቱን ሳላየው አወቅኩ። ያመጣልኝ ቁልፍ ራሱ ከሌላ የተቀረጸ ነው፤ ኪሱ ውስጥ ሲንገላታ ኖሮ ጥርሱ አልቋል። ዋናው፣ ያልተነካው፣ እኛ ቤት ምስማር ላይ ነው። «በርህ ነው ያረጀው» ብዬ ብዋሸው ያምነኝ ነበር። ዋናውም እኔው ዘንድ ይቀር ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«ጠብቀኝ» አልኩትና ቤት ሄጄ ከምስማሩ አውርጄ አመጣሁት።

ስቀርጽ እንደ ልጅነቱ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ያየኛል። ጠርዙን መሞረድ ስጀምር ሳቅ አለ።

«ታውቂያለሽ፣ ረሳሁ ስልሽ ብዙውን ጊዜ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።»

እጄ ቆመ። «ታዲያ ለምን ታንኳኳ ነበር?»

«አንድ ቀን ‹ግባ› ትይኛለሽ ብዬ ነዋ። አንቺ እቴ! አቀብለሽኝ በሩን ድርግም። በቃ፣ ልጅነት ነው።»

ልጅነት አለው። አምና እንኳ አንኳኩቶ ነበር። አንዲት ቃል ነበር የሚፈልገው፣ እኔ ግን ቀልድ ስመርጥለት ኖርኩ። አሁን ልነግረው አፌን ከፈትኩ።

«ዘይት ጠብ አድርግበት፣ እንዳያስቸግራት» ነው የወጣኝ።

ሁለቱንም አንስቶ መዘናቸው። «ዋናውንም ልውሰደው አይደል? እናቴ ‹ከእንግዲህ ጎረቤት አናስቸግር› ብላለች።»

«ውሰደው።»

አባቴ ማምሻውን ገብቶ በሩን ሲዘጋ ዓይኑ ምስማሩ ላይ አረፈ።

«የእነ ድንቡሼ ቁልፍስ?»

«መጥቶ ወሰደው።»

«ታዲያ ያ ዝንጉ ልጅ ነገ ቢረሳ በየት ሊገባ ነው?»

ፊቴን እንዳያይ ሳህን ማጠቤን ቀጠልኩ።

«ቢያንኳኳ ‹ግባ› የምትለው አለች፣ አባዬ።»