የድንጋይ ማውጫው ነብር

ወሬው ሲጀመር ነብሩ አንድ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሁለት ሆነ፤ ከዚያ «ባልና ሚስት ናቸው» ተባለ፤ በመጨረሻ «ነብር አላየሁም» ብሎ ሰው ፊት መቆም የሚያሳፍር ነገር ሆነ። ነብር እኮ ከዚያ አካባቢ ከጠፋ የአንድ ሰው ዕድሜ አልፎታል። የመጨረሻው ቆዳ ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ተንጠልጥሎ ብል ጨርሶታል። ይህን የማያውቅ የለም። ቢሆንም ባንክ ቤት ተራ የሚጠብቀው አይቶታል፣ ፀጉር አስተካካዩ አይቶታል፣ የአልጋ ቁራኛ ሆና የከረመችው ባልቴት ሳትቀር በመስኮት አይታዋለች። እንዲህ ያለ ሕዝብ ነው። ውሃ ሲጠፋ ዝም፣ መብራት ሲጠፋ ዝም፤ ነብር መጣ ሲባል ግን ምላሱ አያርፍም።

ፎቶ አንሺው ይህን ሁሉ እየሰማ ከንፈሩን ጠመም ያደርግ ነበር። ስቱዲዮው አንድ በርጩማ፣ አንድ ነጭ መጋረጃና ሁለት መብራት የያዘች ጠባብ ክፍል ናት፤ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ኮምፒውተሩ አለ። ሥራው ጉርድ ፎቶ ማንሳት፣ ካነሳ በኋላም ማሳመር ነው። ማድያት ያጠፋል፣ የተንሻፈፈ ኮሌታ ያቃናል፣ ኮት ለሌለው ኮት ያለብሳል፣ ለራሰ በራው ፀጉር ያበቅልለታል። ሰዎቹም ፎቶውን ተቀብለው «ቁርጥ እኔን!» ብለው ይሄዳሉ። ዕድሜውን በዚህ ስለጨረሰ የሰው ቃል ለእሱ ገለባ ሆኗል። ማንንም አያምንም፤ አለማመኑን ደግሞ እንደ ትልቅ ዕውቀት ይቆጥረዋል። ከተማው የሞኝ መንደር ከሆነ እሱም የመንደሩ አለቃ ለመሆን የቀረው ጥቂት ነበር፤ ግን ማን ደፍሮ ይንገረው?

ሚስቱ የሂሳብ መምህርት ናት። ትምህርት ቤቷ ከተተወው የድንጋይ ማውጫ ማዶ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት መንገድ ለማሳጠር በማውጫው ውስጥ ታቋርጣለች። ቁጥብ ሴት ናት፤ ወሬ አታበዛም፣ የሰው ነገር አታነሳም። እንግዲህ ወሬው ገና ከተማ ሳይገባ፣ አንድ ቀን ከሥራ ተመልሳ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ «ነብር አየሁ» ያለችው ይህችው ሴት ናት።

«የት?» አላት።

«ማውጫው ውስጥ። ከላይኛው ድንጋይ ላይ ተጋድማ ፀሐይ ትሞቃለች። አየችኝ፣ አየኋት። ከዚያ ተነስታ ቀስ ብላ ሄደች።» ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን ፍርሃት አልነበረም፣ ደስታ ነው። «ለማንም እንዳትናገር፣ እሺ? ሰው ከሰማ አይተዋትም። ላንተ ብቻ ነው የነገርኩህ።»

ሳቀባት። መነጽርሽን ቀይሪ አላት። ዥጉርጉር ውሻ አይተሽ ይሆናል አላት። በማግስቱ እጁን ይዛ ወሰደችው። ድንጋዩ ላይ ምንም አልነበረም፤ ነብር ቀጠሮ አክብሮ እንዲጠብቀው ፈልጎ ነበር መሰለኝ። ባዶውን ድንጋይ ፎቶ አንስቶ «ይኸው ነብርሽ» አላት፤ ከዚያ ወዲያ እራት በቀረበ ቁጥር ያንኑ ፎቶ እያወጣ ያሳያታል። መጀመሪያ ፈገግ ትል ነበር። በኋላ ፈገግታውም ቀረ፤ ነገሩንም ዳግመኛ አላነሳችም። እሱ እንደ ረታ ቆጠረው።

የከተማው ከብት አድላቢ ወደ ስቱዲዮው የመጣው ወሬው በጋለበት ሰሞን ነው። ቦርጩ ቀድሞት የሚገባ፣ ሲያወራ ጎረቤት የሚሰማው ሰውዬ ነው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አደረገው።

«ነብሩ ይኸውልህ! ከበረቴ ጀርባ ራሴ ነኝ ያነሳሁት። ትንሽ አጥራልኝ።»

ፎቶ አንሺው አየው። አጥር ነው፤ ከአጥሩ ሥር የሆነ ቡናማ ነገር ተጠቅልሎ ይታያል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጆንያ ነው።»

«ጆንያ ጅራት አለው?»

«ጅራቱ የታለ?»

«እሱን እኮ ነው አጥራልኝ የምልህ!»

ፎቶ አንሺው ሊያባርረው አፉን ከፈተ፤ ከዚያ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለለትና ዘጋው። «ነገ ይምጡ» አለው። እነዚህን ሰዎች አንዴ አፋቸውን የሚያስይዝ ትምህርት ሊሰጣቸው ነው። ከአሮጌ የግድግዳ ካላንደር ላይ ነብር ገልብጦ ወሰደ። የካላንደሩ ነብር በረዶ ላይ ነበር የተኛው፤ በረዶውን አጠፋ። የሚያስተኛበት ቦታ ሲያስፈልገው ያን ባዶ ድንጋይ አወጣ። ሌላ ስንት ፎቶ ሞልቶት ሳለ ያንን የመረጠው ሆን ብሎ ነው፤ እግረ መንገዱን ሚስቱንም ሊነካካ ፈልጓል። የድንጋዩ ጥላ ወደ ግራ፣ የነብሩ ጥላ ወደ ቀኝ እንዲወድቅ ተወው። ዓይን ያለው ሁሉ እንዲያየው ነው።

በማግስቱ አድላቢው ፎቶውን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው። ፎቶ አንሺው «አሁን ይደነግጣል፣ ይሄ የኔ አይደለም ይላል» ብሎ ጠበቀ።

«ቁርጥ እንዲህ ነው ያየሁት» አለ አድላቢው።

«ቦታውስ ጋሼ? ከበረትዎ ጀርባ አላሉኝም?»

«ከበረቴ ጀርባ ተነስቶ ወዴት ይሄዳል ታዲያ? ወደ ማውጫው አይደል? እዚያ ድረስ ተከትዬው ሄጃለሁ እንጂ!»

ዓይኑን በጨው ታጥቦ ነው የሚያወራው። ፎቶ አንሺው በደስታ ሊያጨበጭብ ምንም አልቀረው።

ከዚያማ ጉድ ፈላ። ፎቶው ከስልክ ስልክ ዞረ። የማዘጋጃ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ፣ ክራባቱ ከእሱ ቀድሞ የተቀጠረ የሚመስል ወጣት፣ ፎቶውን አሳድጎ አሳትሞ ዋናው አደባባይ ላይ ሰቀለው። «ነብራችን ተመልሷል!» ይላል ከሥሩ። የነብሩ አቀባበል ኮሚቴ ተቋቋመ። ነብር እንዴት ተደርጎ አቀባበል እንደሚደረግለት የጠየቀ የለም፤ ሊቀመንበር ማን ይሁን በሚለው ግን ሊደባደቡ ነበር። ከብት አድላቢው ምክትል ሊቀመንበር ሆኖ ተመረጠ። ለእሑድ አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ።

ፎቶ አንሺው የሚጠብቀው እሑድን ነው። ከተማው ሁሉ በተሰበሰበበት ብድግ ብሎ «ጥላውን ተመልከቱ እስቲ!» ሊል ነው። ሰው ከስቱዲዮው ሲወጣለት መስተዋት ፊት ቆሞ ይለማመዳል፤ የት ላይ ቆም እንደሚል፣ የት ላይ ፈገግ እንደሚል ሳይቀር አውቆታል።

ሚስቱ የተሰቀለውን ፎቶ ያየችው ከትምህርት ቤት ስትመለስ ነው። በቀጥታ ወደ ስቱዲዮው መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ድንጋዩን ከየት አመጡት?»

«እኔ ነኝ» አላት እየሳቀ። «ሁሉም የኔ ሥራ ነው። ነብሩ የካላንደር ነው። እሑድ ጉዳቸውን አወጣዋለሁ፣ ታያለሽ።»

አልሳቀችም። «ቦታውን ነገርካቸው ማለት ነው።»

«ምን ቦታ? ባዶ ድንጋይ እኮ ነው!»

«ላንተ ብቻ ነው የነገርኩህ አላልኩህም? ዛሬ ሂድና ውሸት ነው በላቸው። አሁኑኑ። ማውጫውን ይተዉት።»

«ዛሬ ብነግራቸው ሦስት ሰው ይሰማኛል። እሑድ ሁሉም አለ።»

«እስከ እሑድ ማን ይጠብቅሃል? ጠመንጃ ያለው አለ፣ መርዝ ያለው አለ። እባክህ። ለምኜህ አውቃለሁ?»

ለምናው አታውቅም። እሱ ግን ያን ጊዜ የሚታየው አዳራሹና ጭብጨባው ብቻ ነበር። «አንቺ ሴት፣ የሌለ ነብር ማን ይገድለዋል?» አላት።

ሚስቱ ራሷ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄዳ «ፎቶው ውሸት ነው» አለች፤ የሕዝብ ግንኙነቱ ኃላፊ «መምህርት፣ በባልሽ ቀንተሽ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀባት፤ ፎቶውን ያጠራው እሱ መሆኑን ሰምቷል። ይህን ለባሏ የነገረው ኃላፊው ራሱ ነው፣ እንደ ጥሩ ቀልድ አድርጎ። ባልየውም አብሮት ሳቀ። እንዲህ ያለውን ሳቅ ሰው በሕይወቱ አንዴ ይስቃል፤ ከዚያ ዕድሜ ልኩን ይቆጨዋል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንድ ደንበኛ አገጩን ቀና አድርጎ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ውጭ ጩኸት ተሰማ። ደንበኛው ፎቶው ሳይነሳለት ተነስቶ ሮጠ። ፎቶ አንሺውም ካሜራውን እንዳንጠለጠለ ተከትሎ ወጣ። ከተማው ግልብጥ ብሎ ወደ አደባባዩ ይጎርፋል። መሃል ላይ ጋሪ ቆሟል። ከጋሪው ላይ ከብት አድላቢው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ እግሩ ሥር ደግሞ ነብር።

ክው አለ። ጆንያ አልነበረም፣ ውሻም አልነበረም። ቆዳው ላይ ፀሐይ አርፎበት ያበራል፤ አፉ ዙሪያ ግን አረፋ ደርቋል። አንድም ፎቶ እንዲህ አላማረም፤ አንድም ፎቶ እንዲህ አልሞተም።

«በግ አርጄ ሥጋው ላይ መርዝ ነሰነስኩበት» ይላል አድላቢው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ከዚያ ድንጋይ ሥር አስቀመጥኩለት። ፎቶው ላይ ካለው፣ ከዚያው! ታዲያ ምን ላድርግ? ከብቶቼን እስኪጨርስ ልጠብቀው?» የነብሩ አቀባበል ኮሚቴ ምክትል ሊቀመንበር ነው ይህን የሚለው። ሕዝቡም ያጨበጭባል። ትናንት ተመለሰልን ብሎ ያጨበጨበው ያው እጅ ዛሬ ስለ ሞተ ያጨበጭባል፤ እጅ ካለው አይቀር ምን ይሥራበት?

«ውሸት ነው!» ብሎ ጮኸ ፎቶ አንሺው። አዘጋጅቶት የነበረው ንግግር ሁሉ ጠፋበት። «ፎቶው ውሸት ነው! እኔ ነኝ የሠራሁት! ጥላውን እዩት፣ ከካላንደር ነው የወሰድኩት!»

ዙሪያውን ያሉት ሰዎች ተያዩ፤ ከዚያ ሳቁ።

«ምኑ ነው ውሸቱ ጋሼ?» አለ የሕዝብ ግንኙነቱ ኃላፊ ትከሻውን መታ መታ እያደረገለት። «ነብሩ ይኸው፣ ቦታውም ያው! እንዲያውም ያለ እርስዎ ባልተገኘ ነበር። በሉ ካሜራውን ያዘጋጁ፤ ኮሚቴው አብሮት ይነሳል።»

ያኔ ነው ሚስቱን ያያት። ከጋሪው መንኮራኩር አጠገብ ቆማለች። አላለቀሰችም፤ ነብሯን ብቻ ታያለች። ሰው ገፋ ገፋ እያደረገ አጠገቧ ደረሰ። ከዚያ በኩል የነብሯ ሆድ ይታያል። ጡቶቿ በወተት አግተዋል።

«እውነትሽን ነበር» አላት።

«ስነግርህስ?» አለች ፊቷን ሳታዞር። «ስነግርህ እውነት አልነበረም? ሬሳዋ ተጎትቶ ካልመጣልህ አታምነኝም?»

ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ ጠየቃት። «ግልገሎች አሏት፣ አይደል? የት እንዳሉ ታውቂያለሽ። ንገሪኝ፤ አብረን እንሂድ። እምልልሻለሁ፣ ለማንም አልተነፍስም።»

አሁን ዞር ብላ አየችው። ቀስ ብላ፣ ካሜራውን፣ ከዚያ ፊቱን። አድላቢውን በምታይበት ዓይን ነው ያየችው፤ በዚያ ዓይን አይታው አታውቅም ነበር።

«እኔ ምንም አላየሁም» አለችው።

ይህን ያለችው በትሕትና ነው፣ መንገድ ለጠየቀ እንግዳ እንደሚመለስ ዓይነት። ከሰዉ መሃል ወጣች። ከአደባባዩ ጥግ ካለው ሱቅ ወተት ገዝታ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አያት። ልቡ ዘለለ፤ ሊከተላት ጥቂት ሄደ። እሷም ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ቆመች፤ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ፊቷን ወደሱ አዞረች። አልጠራችውም፣ አልተቆጣችውም። እስኪመለስ ድረስ ብቻ ከቆመችበት አልነቃነቅም አለች።

ተመለሰ። አድላቢው አንድ እግሩን ነብሯ ላይ አድርጎ፣ ኮሚቴው ከጎኑ ተሰልፎ፣ ክራባታቸውን እያስተካከሉ ይጠብቁት ነበር።