መሸኛ የሌለው በሽተኛ

ወለተጻድቅ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ስትወጣ ደሟ ፈልቶ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ይገዙ ሳንባውን ታሞ ከጅቡቲ ኮልፌ ከገባ ጀምሮ፣ እየተመላለሰች የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሆስፒታል በነፃ የሚያሳክም የቀበሌ ወረቀት። ሊቀመንበሩ ጓድ ሀብተማርያም ደግሞ ያው አንድ መልስ አለው።

«ከነበረበት ቀበሌ መሸኛ ያምጣ። ያለ መሸኛ አልመዘግበውም፤ ያልተመዘገበ ደግሞ በነፃ አይታከምም።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጅቡቲ ምን ቀበሌ አለና?»

«እሱን እሱ ያውቃል።»

«እስከዚያ ቢሞትብኝስ?»

ሀብተማርያም ቀና እንኳ አላለም። «ለሞት መሸኛ አያስፈልግም። እድር ከፍለሽለት የለ? እንቀብረዋለን።»

እውነቱን ነው፣ ከፍላለች። ወንድሟ በሰው አገር ሲንከራተት «ሬሳው እንኳ ቢመጣ ሜዳ እንዳይወድቅ» ብላ እድር አስገብታው፣ ጉልት ሽንኩርት ቸርችራ መዋጮውን አንድም ወር አላጓደለችበትም። ይኸው ዛሬ ድንኳኑም ለቀስተኛውም ለይገዙ ተሰናድቷል፤ የጠፋው መርፌ የሚወጋው ብቻ ነው። ደግ ሰፈር ነው ይሉታል ደግሞ! ደግነቱ ለሬሳ ነው እንጂ ለሰው መቼ ሆነ?

ወደ ቤቷ አልሄደችም። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ደሜ ቤት ገብታ ጥሩምባውን ከግድግዳው ላይ አወረደች።

«እትዬ፣ ማን ሞተ?» አለ ደሜ ደንግጦ።

«ገና ነው።»

«ኧረ በማርያም! ሰው ሳይሞት ጥሩምባ? ነውር ነው!»

«ነውሩን ለእኔ ተወው።»

ቀበሌው በር ላይ ቆማ ነፋችው። አነፋፏ አያምርም፤ ግን የእድር ጥሩምባ ሰምቶ ቤቱ የሚቀመጥ የለም። ሸማኔው መወርወሪያውን ጥሎ መጣ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረሱ፤ ጎረምሶቹ ቃሬዛ ይዘው ከተፍ አሉ። ሀብተማርያምም እድርተኛ ነውና ኮቱን እየቆለፈ ወጣ።

«ማን ነው የሞተው?»

«ወንድሜ ይገዙ!» አለች። ዋይታው ሊነሳ ሲል ድምጿን ከፍ አደረገች። «አልሞተም! እቤት ተኝቶ እያሳለ ነው! ሊቀመንበራችሁ ግን ‹አናሳክመውም፣ ሲሞት እንቀብረዋለን› ብሎኛል። እንግዲህ ነገ የምታለቅሱለት ከሆነ ዛሬውኑ አልቅሱለት፤ እሱም ይስማችሁ!»

የእድሩ ዳኛ አዛውንቱ አቶ መሸሻ ወደ ሀብተማርያም ዞሩ።

«ልጄ፣ እንዲህ ብለሃል?»

ሀብተማርያም ስለ መመሪያ አንድ ሁለት ቃል ጀመረ። የሚያግዘው አጣ። ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ ዓይኑን እሱ ላይ ተክሏል። ተመልሶ ገባና ወረቀቱን ጽፎ፣ ማኅተም መትቶበት ወጣ። መሸኛ የሚባል ነገር አላነሳም።

ጎረምሶቹ ቃሬዛቸውን ይዘው ይገዙን ሊያመጡ ሮጡ። ሀብተማርያም ወረቀቱን ሲዘረጋላት ምስጋና የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ወለተጻድቅ ተቀብላ ገለባበጠቻት።

«ይቺ ናት?» አለች። «ወንድሜ ደም ሲተፋ የሰነበተው ለዚቺ ነው?»